ጨዋታው የውሸት፣ ፈረሱ የእውነት

ፍልሰታ ተፈቶ እንቁጣጣሽ ሳይገባ ባለው ሰሞን፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሰዓት በማይሞላ የመኪና መንገድ ላይ፣ ዘውድ የደፋ ንጉሥ ጫካ ውስጥ በአቧራ ሲሄድ ማየት ይቻላል። ቦታው ክራውንስቪል ነው፤ ሜሪላንድ፣ ከአናፖሊስ ወጣ ብሎ። ንጉሡ የእንግሊዙ ሄንሪ ስምንተኛ ነኝ ይላል። ከኋላው ወይዛዝርት፣ ከወይዛዝርቱ ኋላ የቤተ መንግሥት ቀልደኛ፣ ከቀልደኛው ኋላ ደግሞ ልጅ በጋሪ የሚገፋ አባወራ ይከተላል። የሜሪላንድ ሬኔሳንስ ፌስቲቫል፣ ሰው የድሮ አውሮፓን ልብስ ለብሶ የዚያን ዘመን ሰው ሆኖ የሚጫወትበት ገበያና ትዕይንት፣ በ1977 ኮሎምቢያ በምትባለው ከተማ ተጀምሮ በ1985 ወደዚህ ጫካ ዞረ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ድረስ ቅዳሜና እሁድ እየተከፈተ ይዘልቃል። እንቁጣጣሽም መስቀልም በመሀል ያልፋሉ።

ሬኔሳንስን በአማርኛ ህዳሴ እንለዋለን። ዛሬ ግን “የህዳሴ ፌስቲቫል” ቢባል ሰው ሁሉ ለግድቡ ገንዘብ ሊዋጣ ነው ብሎ ኪሱን ይዳብሳል። ስለዚህ የሚሄድበት ሰው በሚጠራው እንጥራው፤ ፌር።

ፌር ላይ አብዛኛው ነገር ውሸት ነው፣ ማንም አይደብቀውም። ንጉሡ ሰኞ ወደ ሥራው ይገባል። ውሸት የማይሞከርባቸው ነገሮች ግን አሉ፤ ፈረስ፣ ብረት፣ ገመድ፣ ፀሐይ፣ ሽንት ቤት። እነዚህ ላይ ለመዋሸት የሞከረ አዘጋጅ እስከ እኩለ ቀን ይጋለጣል። ልብስ ሲሰፋም፣ ድንኳን ሲተከልም፣ ትንሽ የሰፈር ፌር ሲታሰብም መጀመሪያ መለየት ያለበት ይኸው ነው። የትኛው ላይ መዋሸት ይቻላል? የትኛውስ ላይ አይቻልም?

ነገሩ ሲጀመርም የሰፈር ነበር። ፊሊስ ፓተርሰን የምትባል መምህርት ሎስ አንጀለስ ውስጥ በቤቷ ጓሮ ልጆችን ቴአትር ታለማምድ ነበር። በሜይ 11 እና 12፣ 1963 እሷና ባለቤቷ ሮን፣ ኬፒኤፍኬ ለተባለው በአድማጭ መዋጮ ለሚኖር ሬዲዮ ጣቢያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሰሜን ሆሊውድ ላይ የሁለት ቀን ገበያ ዘረጉ። ሻጩም ተዋናዩም በጎ ፈቃደኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚኒሶታ በ1971፣ ቴክሳስ በ1974 የየራሳቸውን ከፈቱና ትልልቆቹ ንግድ ሆኑ። በየከተማው ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለትምህርት ቤት ተብለው የሚዘጋጁት ትንንሾቹ ግን ዛሬም የዚያች የመጀመሪያዋ ዘመዶች ናቸው። ገንዘባቸው ትንሽ፣ ልፋታቸው ብዙ ነው።

ውሸት ከሚፈቀድበት እንጀምር፤ ከንግግሩ።

አዲስ ተዋናይ ሁሉ የሚሠራው አንድ ስህተት አለ፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ለማስረዳት ደቂቃ አይፈጅም። የድሮው እንግሊዝኛ “ዛው” እና “ዩ” የሚሉ ሁለት ቃላት ነበሩት። የዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ “ዛው”ን የሚያውቀው ከጸሎትና ከድሮ ግጥም ስለሆነ የክብር ቃል ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። “ዛው” አንተና አንቺ ነው፤ “ዩ” ደግሞ ለብዙ ሰዎች እናንተ፣ ለትልቅ ሰው እርስዎ። ስለዚህ ንጉሡ ፊት ተንበርክኮ “ዛው” የሚል ሎሌ፣ ጃንሆይን “አንተ፣ እንዴት አደርክ?” እንዳለ ይቆጠራል። በጸሎት መኖሩ የሚያሳስታቸው እኛን አያሳስትም፤ እኛም አቡነ ዘበሰማያትን በአማርኛ ስንደግም እግዚአብሔርን “አንተ” እንጂ “እርስዎ” አንልም። ቅርበት ነውና። ደንቡ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ለንጉሥ፣ ለጌታ፣ ለማያውቁት ሰው “ዩ”፤ ለልጅ፣ ለአሽከር፣ ለወዳጅና ለፍቅረኛ “ዛው”። ጠብ ሲነሳ አለቃውን “ዛው” ማለት እንደኛው “አንተ!” ስድብ ነው፤ ጎበዝ ተዋናይ ይህችን አንዲት ቃል ጠብቆ በትክክለኛው ሰዓት ሲወረውራት ትዕይንቱ ሁሉ ይገለበጣል።

ጎብኚው ይህን ሁሉ ማወቅ የለበትም። “ጉድ ሞሮው” (እንደምን አደሩ) ካሉት ጎንበስ ማለት፣ ሰዉ “ሁዛ!” ብሎ ሲጮህ አብሮ መጮህ ይበቃዋል፤ እልልታ የምናውቅ ሰዎች ለዚህ ትምህርት አያስፈልገንም። ተዋናዩ ግን አንድ የማይታለፍ ደንብ አለበት። ሰውን ሳይጠይቅ አይነካም፤ አልጫወትም ያለን ሰው አይከተልም። ሰውየው ዓይኑን ከሰበረ ወይም ወደ ስልኩ ካቀረቀረ፣ “መንገድዎ የተቃና ይሁን” ብሎ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። የማይፈልግ ሰው ላይ ሙጭጭ የሚል ቀልደኛ ቤተሰቡን በሙሉ ያሸሻል።

ምግቡም ውሸት ነው፣ የሚጥም ውሸት። የፌር ምልክት የተርኪ ቅልጥም ነው፤ ግማሽ ኪሎ የሚያልፍ አንድ ቅልጥም በወረቀት ተጠቅልሎ፣ መንገድ ላይ እየተጋጠ። ተርኪ ከአሜሪካ ምድር የወጣ ወፍ ነው። እንግሊዝ የደረሰው በ1520ዎቹ አካባቢ ስለሆነ ሄንሪ ገበታ ላይ ሊቀርብ ይችል ነበር፤ ቅልጥሙን እንደ ዱላ ጨብጦ መዞር ግን የአሜሪካ ፌር ፈጠራ ነው። ሰዎች “ዶሮ ሳይሆን የአሳማ ሥጋ ይመስላል” የሚሉት ያለምክንያት አይደለም። ሥጋው ናይትራይት (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ) ባለው የጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ስለሚመጣ ቀለሙ ሮዝ ይሆናል፤ ጣዕሙም ወደ ሃም ያደላል።

ቤት ውስጥ ለሚሞክር፦ 4 ሊትር ውሃ፣ 250 ግራም ጨው፣ 100 ግራም ቡናማ ስኳር። ጨውና ስኳሩ በጥቂት ሙቅ ውሃ ሟሙቶ፣ የቀረው ውሃ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሥጋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አይገባም። 6 ቅልጥም ተነክሮ ፍሪጅ ውስጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያድራል። ከዚያ በላይ ከቆየ ጨዉ በዝቶ ለመብላት ያስቸግራል። ወጥቶ ታጥቦ፣ በደንብ ተጠራርጎ፣ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆን ጭስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ብዙው ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው። የሥጋ ቴርሞሜትሩ 74 ሲል ለጤና ደኅና ነው፣ ግን ገና አልበሰለም። የተርኪ ቅልጥም እንደ ስንጥር የደረቁ ጅማቶች አሉት፤ የሚለሰልሱትና ከሥጋው የሚላቀቁት ወደ 82 ሲጠጋ ነው። ናይትራይት ስለሌለው ቀለሙ ሮዝ አይሆንም፤ ጣዕሙ ግን ፌሩ ሜዳ ላይ ከሚሸጠው አያንስም። ሜዳው ላይ ደግሞ ሰልፉ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ አይቻልም፤ 5 ሰዓት ላይ ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ የበላ ሰው ትኩሱን ያገኛል።

መጠጡ ሚድ ይባላል። ጌሾ የሌለው ጠጅ ነው፤ ማር፣ ውሃና እርሾ። ምሬቱ ስለሌለ ለሐበሻ ምላስ ወደ ብርዝ ይጠጋል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ቀዝቅዞ በትንሽ ኩባያ ስለሚቀርብ እንደ ብርዝ ይወርዳል፣ አቅሙ ግን የወይን ጠጅ ነው፣ አንዳንዱም ይበልጣል። በ33 ዲግሪ ፀሐይ ስር፣ በሱፍ ልብስ፣ በባዶ ሆድ ሁለት ኩባያ የጠጣ ሰው የሚነሳው በቃሬዛ ነው። ለእያንዳንዱ ኩባያ አንድ ጠርሙስ ውሃ፤ ይህ ምክር ሳይሆን የመጀመሪያ እርዳታ ድንኳን ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ሒሳብ ነው።

ልብስ ላይ ሲደረስ ውሸትና እውነት ይቀላቀላሉ። ከላይ የሚታየው መዋሸት ይችላል፤ ገላ የሚነካው አይችልም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው መቶ ዶላር አውጥቶ ሰው ሠራሽ ከፋይ ይገዛል፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ልዑል የመሰለው 7 ሰዓት ላይ እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል። ፖሊስተር ላብ አይጠጣም፣ አየር አያሳልፍም። ገንዘቡ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ለውስጠኛው ቀሚስ ነው፤ ከሊነን፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ተልባ እግር ከሚለው ጨርቅ።

ውስጠኛው ቀሚስ ለወንድም ለሴትም አሠራሩ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ርዝመቱ ላይ ነው። ስፌት ለማያውቅ ሰውም ይቻላል፤ ክብ የሚቆረጥበት ቦታ የአንገቱ ብቻ ነውና። 1 ሜትር ከ45 ሳንቲም ስፋት ካለው ሊነን 3 ሜትር ይበቃል። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ታጥቦ በማድረቂያ መድረቅ አለበት፤ ሊነን በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ እስከ 10 እጅ ሊገባ ይችላል። ይህን ዘልሎ የቆረጠ ሰው፣ ከፌሩ ማግስት ሲያጥበው ቀሚሱ ለታናሽ እህቱ ይሆናል። ከታጠበው ላይ 70 በ115 ሳንቲም የሆኑ ሁለት ቁራጮች ለፊትና ለኋላ፣ 50 በ60 የሆኑ ሁለት ለእጅጌ፣ 18 በ18 የሆኑ ሁለት ትንንሽ ካሬዎች ለብብት፣ ከቀረው ደግሞ አራት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ከወገብ በታች ለማስፋት።

የብብቷ ካሬ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ናት። ጀማሪው የማትጠቅም መስላው ይተዋታል። ያለ እሷ እጅ ሲነሳ ቀሚሱ ሁሉ ከወገብ ተስቦ ይወጣል፤ ሰውየው “ሁዛ!” ብሎ እጁን ባነሳ ቁጥር ስፌቱ ይሳባል፣ ከሰዓት በኋላ ይቀደዳል። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ካሬዋ ከእጅጌው፣ ከዚያ እጅጌው ከአካሉ፣ በመጨረሻ ከእጅጌው ጫፍ እስከ ቀሚሱ ጠርዝ ጎኑ ባንድ ስፌት ይዘጋል። ጎኑን ቀድሞ የዘጋ ሰው ካሬዋን ለማስገባት መልሶ መተርተር ይኖርበታል፤ የማይተረትረውም ጨምድዶ ይሰፋታል።

የሴት ደረት ልብስ በክር ይታሰራል። ዛሬ ሰው የጫማ ክር እንደሚያስረው በመስቀል ያስራል፤ የዘመኑ አስተሳሰር ግን በአንድ ክር እየተጠማዘዘ የሚወጣ ነው፣ ለብቻ ለመፍታትም ይቀላል። ቀዳዳዎቹ በየ2 ሳንቲም ተኩል ይሆኑና፣ የግራና የቀኙ ፊት ለፊት እንዳይገጥሙ በግማሽ ርቀት ይዛነፋሉ። ፊት ለፊት ከተበሱ ክሩ ሲጠብቅ አንዱ ጎን ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ትከሻዋ የተዛባ ትመስላለች። ክሩ ከ2 ሜትር አይነስ። ጫፉ ላይ ትንሽ ፕላስተር ወይም ሰም ካልተደረገ ይተረተርና ሁለተኛ ቀዳዳ አይገባም።

“እኔ ሐበሻ ነኝ፣ እዚያ ምን ልልበስ?” ለሚል ታሪኩ መልስ አለው፣ ያውም የሚያኮራ። ሄንሪ ስምንተኛ የነገሠው ከ1509 እስከ 1547 ነው፤ በዚያው ዘመን፣ ከ1508 እስከ 1540፣ ኢትዮጵያን የሚገዛው ዐፄ ልብነ ድንግል ነበር። የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ገብቷል፤ የፖርቱጋል ልዑካን በ1520 ኢትዮጵያ ደርሰዋል። ሮም ውስጥ፣ ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩ ነበር። በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ፊደል እዚያው ሮም ታተመ። በ1548 እና 1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ስለዚህ ነጠላ ያጣፋ ሰው ፌሩ ውስጥ ሲገባ፣ የቫይኪንግ ቀንድ ከደፋው ጎረቤቱ ይልቅ ለዘመኑ ይቀርባል። በእጅ የተፈተለ ሸማ ለፀሐዩም ከከፋይ የተሻለ ነው። ቆብና የካህን ልብስ ግን ለካህናቱ ይቅር፤ ጨዋታ ቢሆንም ያልተቀበሉትን ማዕረግ ለብሶ ሚድ መጠጣት ደስ አይልም።

ሰይፍ የሚታጠቅ ሰው በር ላይ ይፈተሻል። ሕጉ ከፌር ፌር ይለያያል። በሚፈቅዱት ዘንድም ሰይፉ ከአፎቱ እንዳይመዘዝ መታሰር አለበት። ገመዱ እጀታው ላይ ብቻ ከታሰረ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ከእጅ መከላከያው ብረት ስር ሁለቴ በመስቀል ተጠምጥሞ ከአፎቱ ወይም ከቀበቶው ጋር መቋጠር አለበት። ጠባቂው ስቦ ይሞክረዋል፤ ንቅንቅ ካለ መልሶ ያሳስራል፣ ቋጠሮ ከማያውቅ ሰው ጋር ጊዜ ላለማጥፋትም በፕላስቲክ ማሰሪያ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ፈረሱ።

የፌር ትልቁ ትዕይንት ጃውስት ነው፤ ጥሩር የለበሱ ሁለት ፈረሰኞች በጦር ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ። በመካከላቸው ረጅም የእንጨት አጥር ይቆማል። አጥሩን በግራ እያደረጉ ይጋለባሉ፤ ጦሩ በቀኝ ብብት ተይዞ፣ በፈረሱ አንገት ላይ ወደ ግራ ተዛንፎ፣ የተቃራኒውን ጋሻ ይፈልጋል። አጥሩ ለጌጥ አልቆመም። ሁለት ፈረሶች በዚያ ፍጥነት ደረት ለደረት ቢላተሙ ከአራቱ ፍጡራን የሚነሳ የለም።

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድራማ ነው፣ ማን እንደሚወድቅ ጠዋት ተነጋግረው ይጨርሳሉ። ሁለተኛው የምር ነው፣ ነጥብ ይቆጠራል። በሁለቱም ብዙ ቡድኖች የጦሩን ጫፍ የሚሠሩት ከባልሳ እንጨት ነው፤ ቀላልና ተሰባሪ ነው፣ የጦሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ተሰክቶ ሲመታ ይፈረካከሳል። ተመልካቹ ስብርባሪው ሲበተን ይጮሃል፤ የሚበተነው ግን ጉልበቱ ወደ ሰውየው ጎድን እንዳይገባ ነው። ያልተሰበረ ጦር ነው የሚፈራው። አንዳንድ ቡድኖች ወጥ እንጨት ይይዛሉ፤ እነሱን ያየ ሰው ድምፁን አይረሳውም።

ስብርባሪውም ቢሆን ቀልድ የለውም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ በ1559 በሠርግ በዓል ላይ ሲጋጠም፣ የተሰበረ ጦር ስንጥር የራስ ቁሩን አልፎ ገብቶ በጥቂት ቀን ገደለው። የራሳችን ፌር ንጉሥ፣ ሄንሪ ስምንተኛም፣ በጃንዋሪ 1536 ግሪኒች ላይ በጃውስት ከፈረስ ወድቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልተጋጠመም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ረድፍ ልጅ ይዞ የሚቀመጥ ሰው የት እንደተቀመጠ ይወቅ፤ በተመልካቹና በሜዳው መካከል ሁለተኛ አጥርና ባዶ ቦታ ከሌለ፣ ፌሩ ስንጥር ምን እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው።

ብልሽት የሚመጣው ከጦሩ ይልቅ ከሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ ከመሬቱ፤ ዝናብ ካደረ ፈረሱ አጥሩ ጫፍ ላይ ሲዞር ይንሸራተታል። ቀጥሎ ከጠፍሩ፤ ፈረስ ኮርቻ ሲጫንበት ሆዱን ይነፋል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሲያስተነፍስ ጠፍሩ ይላላል። ጥሩ ረዳት ፈረሰኛው ከመውጣቱ በፊት አንዴ፣ ከወጣ በኋላ ሌላ አንዴ ያጠብቃል። ሁለተኛውን የረሳ ቡድን፣ 30 ኪሎ ብረት የለበሰ ሰው ከነኮርቻው ወደ ጎን ሲገለበጥ ያያል። ከዚያ ሙቀቱ አለ። ጥሩሩ ስር በጥጥ የተሞላ ወፍራም ልብስ ይለበሳል፤ በኦገስት ከሰዓት በኋላ ከ20 ደቂቃ በላይ እዚያ ውስጥ መቆየት ያደክማል። ለዚህ ነው ትዕይንቱ አጭር የሚሆነው፣ አዋጅ ነጋሪውም በመሀል የሚለፈልፈው። እሱ ሲቀልድ ከኋላ የራስ ቁሩ ተከፍቶ ውሃ እየተጠጣ ነው።

ጉግስ ያየ ሰው ጃውስትን ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው “ለምን አጥር?” ይሆናል። ጉግስ ማሳደድ ነው፤ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው እየጋለበ ከኋላ ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸው ወደ ኋላ ዞሮ በቆዳ ጋሻው ይመክታል። ብልሃቱ የመካች ነው። ጃውስት ላይ መመከት የለም፤ ምት መቀበል እንጂ። ፈረሱም ለየቅል ነው፤ እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች የሚያሰልፉት ፈጣንና ቀላል ሲሆን፣ ጥሩር የሚሸከመው ግን ጋሪ ሳቢ ዘር ያለበት፣ ወደ 800 ኪሎ የሚጠጋ ግዙፍ ነው።

ሜሪላንድ ራሷ ሌላ ጃውስት አላት፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ከ1962 ጀምሮ የግዛቲቱ ይፋዊ ስፖርት ጃውስት ነው፤ ግን ሰው አይመታም። ሦስት ቅስቶች በተከታታይ ይቆማሉ፣ በየቅስቱ ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ላይ አንዲት ቀለበት ትንጠለጠላለች። ፈረሰኛው 80 ያርዱን፣ ማለትም 73 ሜትሩን፣ በ8 ሰከንድ ጋልቦ ሦስቱንም በጦሩ ጫፍ ይሰበስባል። ስቶ የማያውቅ ተወዳዳሪ ቀለበቱ ይቀነስበታል፤ ትልቁ 4 ሳንቲም ተኩል ሲሆን የመጨረሻው 6 ሚሊ ሜትር፣ የቀለም እስክሪብቶ እንኳ በጭንቅ የሚያሳልፍ ነው። ለኔ ከጥሩሩ ግጥሚያ ይልቅ ይሄ ይበልጣል። በብረት ድምፅ የሚሸፈን ነገር የለውም።

ትንሽ የሰፈር ፌር ለማዘጋጀት የሚያስብ ማኅበር መጀመሪያ ንጉሥ መምረጥ ይጀምራል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን መኪና ማቆሚያው ነው። 2,000 ሰው ይመጣል ቢባል፣ በአንድ መኪና ሦስት ሰው ቢታሰብ ወደ 670 መኪና ነው። ሳር ሜዳ ላይ በአንድ ኤከር ከ100 እስከ 120 መኪና ይቆማል። ስለዚህ ለመኪናው ብቻ ከ6 እስከ 7 ኤከር፣ ወደ 2.7 ሄክታር፣ ያስፈልጋል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ የሚጎትት ትራክተርና ሾፌር፤ ያውም አስቀድሞ የተነጋገሩት፣ እሁድ ምሽት በስልክ የሚፈለግ አይደለም።

ሁለተኛው ኢንሹራንስ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሜዳው ባለቤት ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚሸፍን ወረቀት ይጠይቃል፤ ፈረስና እሳት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ውስጥ አይካተቱም፣ ለብቻ ይገዛሉ። የእሳት ተጫዋቹን ቀጥሮ ወረቀቱን ያላየ አዘጋጅ፣ ጠዋት ላይ በእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው ይከለከላል።

ሽንት ቤት ላይ አልዘገይም። ለ100 ሰው አንድ፣ መጠጥ ካለ ጨመር፤ ግማሾቹ ከመድረኩ ራቅ ብለው፤ እጅ መታጠቢያው ምግቡ አጠገብ።

ድንኳን። ሻጮች 3 በ3 ሜትር የሆነውን ተጣጣፊ ድንኳን አምጥተው ላዩን በሸራና በባንዲራ ይሸፍኑታል፤ ለዓይን ጥሩ ውሸት ነው። ለነፋስ ግን ሸራው ሸራ ነው፣ እንደ መርከብ ይነፋል። እያንዳንዱ እግር ላይ ቢያንስ 18 ኪሎ መታሰር አለበት፤ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ተሞልቶ በጆንያ ቢሸፈን ዘመኑንም አይረብሽም። ሦስት እግር አስሮ አራተኛውን “ይበቃል” ያለ ሻጭ፣ ድንኳኑን ከጎረቤቱ የሸክላ ዕቃ ላይ ያነሳዋል። ነጎድጓድ ከተሰማ ማንም ድንኳን ስር አይጠለል። ሰው ወደ መኪናው ይሄዳል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለስም። ይህን የሚያውጅ አንድ ሰው ቀድሞ መመረጥ አለበት፤ ንጉሡ ባይሆን ይሻላል፣ ንጉሥ ሲናገር ሰው ትዕይንት መስሎት ያጨበጭባልና።

መድረኮቹ በድምፅ ማጉያ ካልሆነ፣ ከበሮ መቺውን ከክራር መሰል ሉት ተጫዋቹ ማራቅ ግድ ነው። ሰላሳ ደቂቃ አንዱ፣ ሰላሳ ደቂቃ ሌላው ማለቱም ይሻላል። አብዛኛው የመድረክ ሰው ኑሮው ከባርኔጣው ነው። ትዕይንቱ ሲያልቅ ባርኔጣ ይዞራል፤ አዝማሪ ግንባር ላይ ብር ለለጠፈ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይደለም። ጫካ ውስጥ የስልክ ክፍያ ስለማይታመን ዝርዝር ብር ይዞ መምጣት ነው።

ለትንሽ ፌር ገንዘብ ሳያወጡ ሰው የሚሰበስበው ሜይፖል ነው፤ በሪባን የሚጎነጎን ምሰሶ። ስሙ የሜይ ወር ቢሆንም በሴፕቴምበርም ይጨፈራል፤ ይህም ውሸት ነው። ከመሬት በላይ 3 ሜትር ከ60 የሚወጣ ምሰሶ 90 ሳንቲም ይቀበራል፣ ዙሪያው በጠጠር ይጠቀጠቃል። ሪባኑ የምሰሶውን አንድ ተኩል ጊዜ ይሁን፤ 5 ሜትር ከ40። ለ16 ሰው 86 ሜትር ተኩል ያህል ሪባን ማለት ነው። ያጠረ ሪባን ሰዉን ወደ ምሰሶው ይስብና ትከሻ ለትከሻ ያላትማል።

የጨፋሪው ቁጥር ሁልጊዜ ለሁለት እኩል የሚከፈል መሆን አለበት፤ 15 ሰው ካለ አንዱ ይቀመጣል ወይም ከተመልካች አንድ ይጎተታል። አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እየተባለ ይቆጠራል። አንዶቹ ወደ ቀኝ፣ ሁለቶቹ ወደ ግራ። መጀመሪያ የሚገጥሙትን ሰው አንዶቹ በላይ ያልፉታል፣ ሁለቶቹ በሥር ይሾልካሉ፤ ቀጥሎ ይገለበጣል፤ እንደ ሹሩባ። ስህተት የሚታየው ከታች ሳይሆን ከአናቱ ነው። ጉንጉኑ ላይ ድንገት ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ከተኛ፣ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ በሥር አልፏል ማለት ነው። በመሮጥ አይስተካከልም። መሪው “ቁም!” ይላል፣ ሁሉም ፊቱን ያዞራል፣ በመጣበት እየፈታ እስከ ስህተቱ ይመለሳል። ሪባኑ በዚህ ሁሉ ጊዜ የተወጠረ መሆን አለበት፤ አንድ ልጅ እጁን ካላላ ከላይ ያለው ጉንጉን ሁሉ ይዘቀዘቃል። ታዳጊ ወጣቶች ሲሆኑ ደግሞ መሳሳቱን ይወዱታል፤ ሙዚቀኞቹ እያወቁ ፍጥነት የሚጨምሩትም ለዚህ ነው።

መዝጊያው ላይ መዝሙር አለ፣ መጠጥ ቤቱ ድንኳን ዙሪያ። መኪና ማቆሚያው የሚጨናነቀው ከዚያ በኋላ ባሉት አርባ ደቂቃዎች ነው፤ ልጅ ያልያዘ ሰው ቁጭ ብሎ የመጨረሻውን ዘፈን መስማት ያዋጣዋል።

ሰዉ ከወጣ በኋላ የቀረው ችካል መቁጠር ነው። አንድ የሸራ ድንኳን ስምንት ችካል ቢኖረው፣ ስምንት እስኪሞላ አይታጠፍም። እያንዳንዱ ችካል ሲተከል አናቱ ላይ ቀይ ጨርቅ የሚታሰረው ለዚህ ነው። ሳር ውስጥ የቀረች አንዲት ችካል ማክሰኞ የሳር ማጨጃውን ምላጭ ትሰብራለች፣ ወይም በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ትጠብቃለች። ሰባት ላይ የቆመ ሰው በእጅ ባትሪ፣ በእንብርክኩ፣ በድንኳኑ ዙሪያ ይዳብሳል። አብዛኛውን ጊዜ ስምንተኛዋ የምትገኘው ከጎረቤቱ ከረጢት ውስጥ ነው።